ቺንጋው ምን አጠፋ?

ከአሶሳ ኩርሙክ የሚመላለሰው ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ቺንጋ አልበረክትለት ብሏል። ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል። ሾፌሩ ያጠብቀዋል፤ ሁለት ቀን ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ዲናሞው ተፈቶ ታይቷል፣ አዲስ ባትሪ ተገዝቷል። የቻርጅ መብራቱ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሾፌሩ አሶሳ ከተማ ውስጥ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በር ላይ ሲያቆም እጁ ላይ ሌላ አዲስ ቺንጋ ይዞ ነበር።

መካኒኩ ቺንጋውን አልተቀበለውም። ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ የእጅ ባትሪውን ከራዲያተሩ ጀርባ ዝቅ ብሎ ወደሚዞረው ትልቅ ፑሌጃ አበራ። አጠገቡ አንዲት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መምህርት ቆማለች። በተማሪነቷ ልምምድ የወጣችው እዚሁ ጋራዥ ነው፤ ዛሬ የራሷን ተማሪዎች ልታስመድብ መጥታ ነው ጨዋታው ላይ የደረሰችው።

መካኒኩ፦ ጠጋ በል እስቲ። ቺንጋውን ተወው፤ ፑሌጃውን እየው። ምን ይታይሃል?

ሾፌሩ፦ ይዞራላ ጋሼ።

መካኒኩ፦ መዞሩንማ እኔም አየሁ። ጠርዙን ነው የምልህ። መሃሉ ቀጥ ብሎ ሲዞር ጠርዙ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሾፌሩ፦ እውነትም ይወላገዳል። ታጥፎ ነዋ! በመዶሻ አይመለስም?

መካኒኩ፦ አልታጠፈም። ይኼ አንድ ብረት የሚመስልህ ነገር ሁለት ብረት ነው።

ሞተሩ ጠፋ። መካኒኩ ፑሌጃውን በጨርቅ ጠረገና አሳየው። መሃል ላይ በትልቅ ቡሎን ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የታሰረ ብረት አለ። ዙሪያውን የቺንጋ መቀመጫ የተቀረጸበት ከባድ የብረት ቀለበት ይዞታል። ሁለቱ ብረቶች አይነካኩም፤ በመካከላቸው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አለ። መካኒኩ ላስቲኩን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ጥቁር ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ረገፈ። በአንድ በኩል ላስቲኩ ወደ ፊት ተገፍቶ ወጥቷል፤ በሌላው በኩል ተበልቶ ያለቀበት ክፍተት ውስጥ የኩርሙክ መንገድ ቀይ አፈር ተጠቅጥቋል።

ሾፌሩ፦ ይኼን ሁሉ ጊዜ በዚህ ነው የነዳሁት?

መካኒኩ፦ በዚህ ነው። መሃሉ ይዞራል፣ ጠርዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ዲናሞህን የሚያዞረው ጠርዙ ነው። የውሃ ፓምፕህንም የሚያዞረው እሱ ነው። ቺንጋ ብትለውጥ፣ ባትሪ ብትገዛ፣ ዲናሞ ብታስፈታ ሁሉም ንጹሐን ናቸው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ፋብሪካው ምን አስቦ ነው ሁለት ብረት ያደረገው? አንድ ወጥ አድርጎ ቢሠራው ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መካኒኩ ፈገግ ብሎ ወደ መምህርቷ ዞረ፤ ይኼኛው የአንቺ ነው እንደማለት።

መምህርቷ፦ ሁለት ሰው የታጠበ ጋቢ ከዳርና ከዳር ይዞ ሲጠመዝዝ አይተሃል? ክራንክ ሻፍትም እንደዚያ ይጠመዘዛል። ብረት ነው ብለህ አትተማመንበት። በዓይን አይታይም እንጂ ፒስተን በተመታ ቁጥር ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይፈታል። ከኋላ በኩል ከባዱ ቮላኖ አለ፤ እሱ በቀላሉ አይነቃነቅም። የሚርገፈገፈው የፊተኛው ጫፍ ነው።

ሾፌሩ፦ ትንሽ ከሆነማ ምን ያደርጋል ቲቸር?

መምህርቷ፦ ቁጥሩን ተመልከት። ያንተ ሞተር ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ። አተኳኮሱ 1፣ 4፣ 2፣ 6፣ 3፣ 5 ነው። ክራንኩ አንድ ዙር ሲዞር ሦስት ጊዜ ይመታል። በደቂቃ 2000 ዙር ላይ በሰከንድ 100 ምት ማለት ነው። በሰዓት ሲሆን 360 ሺህ። ምቱና የክራንኩ የራሱ መርገፍገፍ ፍጥነታቸው የገጠመ ቀን አንዱ ሌላውን እያበረታ ይሄዳል። ያን ጊዜ ትንሽ የነበረው ትንሽ አይሆንም።

መካኒኩ፦ ናፍጣ ሲሆን ደግሞ ምቱ ከባድ ነው። ስድስት ሲሊንደር በመስመር ሲደረደር ክራንኩ ይረዝማል፤ ረጅም ነገር ለመጠምዘዝ ይመቻል። ባጃጅ ፈትተህ ይኼን ላስቲክ ብትፈልግ አታገኘውም። አንድ ሲሊንደር ነው፤ ክራንኩም አጭር ነው።

መምህርቷ፦ የውጭው ቀለበት ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ከባድ ስለሆነ ባለበት ፍጥነት መዞር ይፈልጋል። ክራንኩ ሲርገፈገፍ ቀለበቱ አብሮት አይርገፈገፍም፤ መሃል ያለው ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። መርገፍገፉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። ፑሌጃነቱ ተጨማሪ ሥራው ነው፤ ዋናው ሥራው ክራንኩን ማዳን ነው። ዳምፐር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ይህ ዕቃ የመጣው በችግር ነው። በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ከአራት ሲሊንደር ወደ ስድስት ሲሊንደር ሲሸጋገሩ ክራንክ ሻፍት እየተሰበረ አስቸገራቸው። ሮልስ ሮይስም በመጀመሪያው ባለስድስት ሲሊንደር መኪናው ከዚሁ ጣጣ አላመለጠም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1910 ገደማ መፍትሔ ብሎ የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥና በሳህኖች መካከል በሚፈጠር ሰበቃ የሚሠራ ነበር። የሚገርመው፣ የእሱ ዳምፐር ይሠራ የነበረው በመንሸራተት ነው። መንሸራተት ጥፋት የሆነው በኋላ ላስቲኩ ከመጣ ወዲህ ነው፤ ላስቲኩ እንዲለጠጥ እንጂ ከብረቱ እንዲላቀቅ አልተሠራም።

ሾፌሩ ታሪኩን በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ አፉ ላይ የነበረውን ነገር ተናገረ።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እዚህ ማዶ በያጅ አለ። ሁለቱን ብረቶች አራት ቦታ ነካ ነካ ቢያደርጋቸውስ? ነገ ኩርሙክ ጭነት አለብኝ።

መካኒኩ፦ አልሠራውም። ሌላ ጋራዥም እንዳትሄድ።

ሾፌሩ፦ አንድ ጓደኛዬ እንደዚያ አሠርቶ ወራት ነድቷል እኮ!

መካኒኩ፦ ወራት ይነዳል። ክራንክ በአንድ ቀን አይሰበርም። አሁን ቲቸር የነገረችህን ቁጥር አስላው፤ በሰዓት 360 ሺህ ምት ያለምንም ማብረጃ። መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ስንጥቁ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጥ ለሁለት ይከፈላል። ያን ዕለት ማን ብየዳውን ያስታውሳል? "ሞተሩ አርጅቶ ነው" ይባላል።

መምህርቷ፦ ብየዳው ራሱም ቀለበቱን መሃል ላይ አያስቀምጠውም። ብረቱ በሙቀት ይሳባል፤ የተረፈው ላስቲክ ይቃጠላል። አሁን ከሚወላገደው የባሰ ሊወላገድ ይችላል።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ በጠንካራ ማጣበቂያ ብናጣብቀውስ? ያ ሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው...

መምህርቷ፦ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተያያዘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ነው። ዘይት የጠጣ ላስቲክ ላይ ደግሞ ማጣበቂያ አይዝም። ቢይዝ እንኳ ድርቅ ብሎ ይይዛል፤ መለጠጡ ከጠፋ ዳምፐር መሆኑ ቀረ። በአንዳንድ አገሮች አሮጌውን ላስቲክ አውጥተው አዲስ የሚያያይዙበት ልዩ ወርክሾፕ አለ። እሱ ግን የሞተሩን ዓይነት አውቆ፣ የላስቲኩን ጥንካሬ መጥኖ ነው።

እዚህ ላይ መካኒኩ ነገሩን ከመፍትሔው ወደ መነሻው መለሰው። ላስቲክ ዕድሜ አለው፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለ ሙቀት ዓመት በዓመት ያደርቀዋል። ከአሶሳ ከፍታ ወደ ኩርሙክ ቆላ መውረድ፣ ከዚያ ጭኖ መመለስ፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፤ ይህ ሁሉ አለ። ሆኖም ከዚህ መኪና በላይ ያረጁ፣ ፑሌጃቸው ደህና የሆኑ ሞተሮች በዚሁ ግቢ ቆመዋል። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ።

መካኒኩ፦ ሞተርህን በምን ታጥበዋለህ?

ሾፌሩ፦ በናፍጣ ነዋ። ረዳቱ በናፍጣ ረጭቶ በብሩሽ አሽቶ በውሃ ይለቀልቀዋል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መካኒኩ፦ እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጠየቅሁህ።

መምህርቷ፦ ናፍጣ፣ ላምባ፣ የሞተር ዘይት፤ ሦስቱም የዚህ ዓይነት ላስቲክ ጠላቶች ናቸው። ላስቲኩ ይጠጣቸውና ያብጣል፣ ይላላል፣ ከብረቱ ይለቃል። ብረቱ ሲያብረቀርቅ ላስቲኩ እየሞተ ነው።

መካኒኩ፦ ሁለተኛ፣ እዚህ ታች እርጥበት አለ፤ አየኸው? ከፊት ኦይል ሲሉ ዘይት ያንጠባጥባል። የሚንጠባጠበው ዘይት ፑሌጃው ላይ ይረጫል። ሦስተኛ፣ አንተ ራስህ።

ሾፌሩ፦ እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?

መካኒኩ፦ ቺንጋው በጮኸ ቁጥር ታጠብቃለህ። ጩኸቱ የመጣው ከመንሸራተት ይሆናል፣ ከመወላገድ ይሆናል፤ አንተ ግን እንደ ክራር አጠበቅኸው። ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ቀለበቱን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። የውሃ ፓምፑንም ኩሽኔታ ይበላል። ኩሽኔታው ሲይዝ ደግሞ ፑሌጃው ላይ ሸክሙ ይጨምራል።

የቺንጋው ትክክለኛ ጥብቀት ብዙ አያከራክርም። በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርጎ ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ ይበቃል። ልኩ እንደ ቺንጋው ርዝመትና እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ትክክለኛው መጠን መመሪያው ላይ አለ።

መምህርቷ ግን ሌላ ነገር አሳስቧታል። መኪናው ታይሚንግ ቺንጋውን ሊለውጥ የተቃረበ ነው። ይህ ሞተር የቫልቭ ካሙን የሚያዞርበት ጥርስ ያለው ቺንጋ ውስጥ አለው፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይለወጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የተሠራ መብራት ይበራል። ሥራው ሲሠራ መካኒክ የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስተን ላይኛው ጫፍ ላይ መድረሱን የሚያውቀው ፑሌጃው ጠርዝ ላይ ባለች ጭረት ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ጭረቷ ያለችው የውጭው ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ከተንሸራተተ ጭረቷ ትዋሻለች።

መካኒኩ፦ ትዋሻለች! ይኼን ነው ለተማሪዎችሽ መንገር ያለብሽ። ይኼ ልጅ እዚህ ባይመጣ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ታይሚንግ ቢያስለውጥ፣ ጭረቷን አምኖ የሚገጥም አንድ ሰው ሞተሩን ጉድ ያደርገው ነበር።

ሾፌሩ፦ ምን ይሆናል?

መካኒኩ፦ ቫልቮቹ ያለ ሰዓታቸው ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ አቅም ያጣል። ካሙ ብዙ ከተዛባ ደግሞ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ቴስታታ ወረደ ማለት ነው።

ነገሩን በወሬ አልተዉትም። መካኒኩ የላይኛውን የታይሚንግ ሽፋን ፈታና ክራንኩን በቁልፍ እያዞረ የፑሌጃውን ጭረት ከጠቋሚዋ ጋር አገጣጠመ። የካሙ ምልክት ቦታው ላይ የለም። አንድ ሙሉ ዙር ጨምረው አዩት፤ አሁንም አልገጠመም፤ ጥቂት ጥርስ አልፎ ሄዷል። ይህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወይ ታይሚንግ ቺንጋው ጥርስ ዘሏል፤ ወይ የፑሌጃው ቀለበት ተንሸራቷል። ሞተሩ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ አያጨስም። ታይሚንጉ ልክ ነው፤ የዋሸችው ጭረቷ ናት ወደሚለው ያመዝናል። እርግጡ የሚታወቀው ፑሌጃውና ከጀርባው ያለው ሽፋን ሲወጡ ነው፤ ክራንኩ ላይ ያለው የታይሚንግ ጥርስ የራሱ ምልክት አለው፤ እሱ ከላስቲክ ጋር ጉዳይ ስለሌለው አይዋሽም።

በቤንዚን መኪኖች ላይ፣ በተለይ ዲስትሪቡተር ባላቸው አሮጌዎቹ ላይ፣ ይኸው ውሸት መልኩን ይለውጣል። መካኒኩ በታይሚንግ መብራት ጭረቷን እያየ ሲያስተካክል፣ እሳቱ ያለ ቦታው ይገባል። ሞተሩ ያንኳኳል ወይም ይሞቃል ወይም ቤንዚን ይበላል፤ ባለቤቱ ካርቡሬተር ያስፈታል። እነዚህ ላይ ማጣሪያው ቀላል ነው። ካንዴላውን ፈቶ በቀዳዳው ፒስተኑን የሚያስቆም ማገጃ ማስገባት፤ ክራንኩን በእጅ እስኪቆም ወደ አንድ ጎን ማዞር፣ ምልክት ማድረግ፤ ወደ ሌላው ጎን እስኪቆም ማዞር፣ ምልክት ማድረግ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ እውነተኛው ጫፍ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ ኮምፒውተሩ የክራንኩን ቦታ የሚያነብበት ጥርስ ቀለበቱ ላይ ስለሚገኝ መኪናው አልነሳም ሊል ይችላል።

ሾፌሩ፦ እኔ ሾፌር ነኝ ጋሼ። ካንዴላ የለኝም፣ ማገጃም የለኝም። በምን ልወቀው?

መካኒኩ፦ በነጭ ቀለም። ከመሃሉ ብረት ተነስተህ፣ ላስቲኩን አቋርጠህ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ሰሞኑን ንዳ፤ ከዚያ ኮፈንህን ክፈትና እየው። መስመሩ እንዳለ ከሆነ ጤና ነው። መሃሉ ላይ ከተቆረጠ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሆነ፣ ተንሸራቷል። በቃ።

መምህርቷ፦ መስመሩን ቡሎኑ ጭንቅላት ድረስ ሳበው። ሌላ ዓይነት መንሸራተት ስላለ። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ፑሌጃው በሞላ ክራንኩ ላይ የሚላላበት አለ፤ ቡሎኑ በልኩ ሳይጠብቅ ሲቀር። ያን ጊዜ ፑሌጃውን ከክራንኩ ጋር የምትይዘው ትንሿ የብረት ቁልፍ ትበላለች፣ የተቀመጠችበት ቦይ ይሰፋል፣ የክራንኩ አፍንጫ ይጎዳል።

መካኒኩ፦ ድምፁ ደግሞ ያሳስታል። በሚኒሞ ላይ ኳ ኳ ይላል። "ቢዬላ መታ" ተብሎ በከንቱ የወረደ ሞተር አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የላላ ፑሌጃ ሆኖ ተገኘ። ሞተር ከማውረድህ በፊት ይኼን ቡሎን እየው።

ፑሌጃ ፍለጋው በስልክ ተጀመረ። አሶሳ ላይ ለዚህ ሞተር አዲስ ፑሌጃ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ መንገዱ በነቀምት በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሾፌሩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቀው ልጅ አለ። ልጁ በስልኩ ማዶ ያገለገለ ግን "ገና ያልተነካ" ፑሌጃ እንዳለው ይምላል።

መምህርቷ፦ ያገለገለውን ተወው። ላስቲኩ ያንተን ያህል ዕድሜ ቢኖረውስ? ዕቃው ተጠርጎ ቀለም ከተቀባ ላስቲኩ በፎቶ አይታይም።

ሾፌሩ፦ ካልሆነ የሌላ ሞተር አለኝ ይላል። ቡሎኑ ይገጥማል፣ የቺንጋው መቀመጫም እኩል ነው ብሏል።

መምህርቷ፦ መግጠሙ አይደለም ቁም ነገሩ። የቀለበቱ ክብደትና የላስቲኩ ጥንካሬ ለእያንዳንዱ ክራንክ ተመጥኖ ነው የሚሠራው። የሌላ ሞተር ዳምፐር ይዞርልሃል፣ ዲናሞህን ያስሞላል፤ ክራንኩን ግን በሚያስፈልገው ፍጥነት ላይ ላያበርደው ይችላል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ቀለበቱ ሚዛን ማስጠበቂያ ጭምር ነው፤ ካልተገናኘ ሞተሩ በሞላ ይንቀጠቀጣል።

መካኒኩ፦ የሞተር ኮዱንና የሻሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክለት። በቁጥሩ ፈልጎ አዲስ ይላክ። ሲደርስ ላስቲኩ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይጎብጥ፣ ዙሪያውን እኩል ሆኖ መሙላቱን አይቼ ነው የምገጥመው።

ስለ አፈታቱ መካኒኩ ለመምህርቷ ተማሪዎች ሲል ዘለግ አድርጎ ተናገረ። ባትሪው ይነቀላል፣ ራዲያተሩና የፋኑ ሽፋን ይወርዳሉ፣ ቺንጋዎቹ ይላላሉ። ከዚያ ነው ጥበቡ። ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ፑሌጃው በፑለር ይወጣል፤ ፑለሩ ግን የሚታሰረው መሃሉ ብረት ላይ ባሉት ባለጥርስ ቀዳዳዎች እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለም። ጠርዙን በሦስት ጥፍር ይዞ የሚጎትት ሰው ላስቲኩን እየቀደደ ነው። መዶሻ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ብዙ ጋራዥ ቡሎኑን ለማላላት ቁልፉን ሻሲው ላይ አስደግፎ ሞተሪኖ ይመታል፤ መካኒኩ ይህን በወጣትነቱ ሲደረግ አይቷል፤ ቁልፉ ሲወረወርም አይቷል። ክራንኩን በመያዣ አስሮ ረጅም ክንድ መጠቀም ይሻላል።

ፑሌጃው ከወጣ ዘንድ ኦይል ሲሉም አብሮ ይለወጣል፤ ያለዚያ አዲሱ ላስቲክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘይት ይጠጣል። የክራንኩ አፍንጫ ይጸዳል፣ ቁልፏና ቦይዋ ይታያሉ። ዲናሞውና የውሃ ፓምፑ ቺንጋው ወርዶ ሳለ በእጅ ይዞራሉ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚከብድ ካለ ኩሽኔታው ይለወጣል።

መካኒኩና መምህርቷ የተጣሉት ማጥበቁ ላይ ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ቶርክ ሬንች አለህ?

መካኒኩ፦ ቱቦ አለኝ። ቁልፉ ላይ ቱቦ አስገብቼ እሰቀልበታለሁ። ሰላሳ ዓመት እንደዚያ ነው።

መምህርቷ፦ ለዚህ ሞተር መመሪያው የሚለው ከ400 ኒውተን ሜትር በላይ ነው። አንተ 70 ኪሎ ብትሆን፣ ቱቦው 1 ሜትር ቢሆንና ሙሉ ክብደትህን ብትጥልበት ወደ 690 ይደርሳል። ቡሎኑ ይለጠጣል። ቱቦው አጠር ብሎ ግማሽ ክብደትህን ብቻ ብትጥል ደግሞ አይበቃም፤ ከወር በኋላ ይላላል።

መካኒኩ፦ እጄ ያውቀዋል።

መምህርቷ፦ እጅህ ትናንሾቹን ቡሎኖች ያውቃል። ይኼ ትልቁ ነው። ከኮሌጅ አመጣልሃለሁ፤ ተማሪዎቼም ያዩታል።

መካኒኩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ላይ መምህርቷ ልክ ናት፤ እሱም ያውቀዋል። ይህን ቡሎን በግምት ማጥበቅ ለላላ ፑሌጃ በር መክፈት ነው፤ ስሌቷን የሚያፈርስ ሰበብ አልነበረውም።

ሾፌሩ ግን ልቡ ኩርሙክ ነው።

ሾፌሩ፦ ነገ ጭነቱን አድርሼ ብመለስና ከዚያ ብትፈቱትስ? ቀስ ብዬ እነዳለሁ።

መካኒኩ፦ ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ተይዘህ ቢሆን፣ ጋዝ ሳትረግጥ፣ ሙቀቱን እያየህ ቅርብ ወዳለው ከተማ ግባ እልህ ነበር። አሁን ግን ጋራዥ ውስጥ ነህ። ቀለበቱ ወደ ፊት እየወጣ ነው፤ ታይሚንግ ሽፋኑን ወይም ራዲያተሩን ሲነካ አይነግርህም። ከወለቀ ራዲያተርህን ይቀድደዋል። በሚዞር ሞተር ፊት አጎንብሶ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጭነቱን ለሌላ ሰው ስጥ።

ሾፌሩ ስልኩን አነሳ። ጭነቱ በሌላ መኪና ሄደ፤ ፒክአፑ ፑሌጃው እስኪመጣ ጋራዡ ውስጥ ይቆያል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ክራንኩ መጀመሪያ በእጅ ሁለት ዙር ይዞራል፤ ሞተሩ ሲነሳ የጠርዙ አዟዟር በዓይን ይታያል፤ የቀለም መስመሩ ይሰመርና መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይታያል።

ባለመኪኖች ሆይ፣ ሞተራችሁን በናፍጣና በላምባ አትጠቡ፤ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ቺንጋ ጮኸብኝ ብላችሁ ወደ ዕቃ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መካኒካችሁ ፑሌጃው ላይ ባትሪ እንዲያበራ ጠይቁት። አዲስ ፑሌጃ መግዛት ካለባችሁ የሞተሩን ኮድና የሻሲ ቁጥሩን ሳትይዙ አትሂዱ፤ በያጅ ቤትም አትውሰዱት።